የአህያ ኮድ በጅብ ዋሻ

አንድ ጊዜ እመት አህዩት የምትባል አህያ ነበረች። «የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም» እየተባለ ሲተረትባት ኖሮ መረራትና፣ በባሏ ተስፋ ቆርጣ የኮምፒውተር ፕሮግራም ጻፈች። ፕሮግራሙ በየእንስሳው አንገት በተንጠለጠለው ሞባይል ላይ ተጭኖ፣ ጅብ ሲቀርብ «ሽሹ! ሽሹ!» እያለ ይጮኻል። ውሻ እንኳ ወደደው። እሱ የሚጮኸው ጅብ ከሄደ በኋላ ነዋ!

አህዩት ደግ ነበረች። «የፕሮግራሙ ጽሑፍ፣ ኮዱ፣ ክፍት ይሁን! የፈለገ ያንብበው፣ የፈለገ ይቅዳው፣ ስህተት ያየም ያርመው» አለች። ጦጣ ወዲያው አንድ ቅጂ ይዛ ዋርካዋ ላይ ወጣች። የቸገረው የዋናው ኮድ ማኖሪያ ነበር፤ ሞባይሎቹ ሁሉ በየማለዳው አዲሱን የሚወስዱት ከዚያ ነውና። አንበሳ ግቢ እንዳይቀመጥ፣ ጥበቃዎቹ ፈትሸው አይጠግቡም። ኤሊ ቤት እንዳይቀመጥ፣ አንድ ገጽ እስኪከፈት ሣር ይበቅላል።

ይኼኔ ደላላው ቀበሮ ከተፍ አለ።

«እመት አህዩት፣ ቤት አግኝቼልሻለሁ! ሰፊ ነው፣ መብራት አይጠፋበትም፣ ኔትወርክ አይቆራረጥበትም። ኪራዩ ደግሞ ነጻ!»

«የማን ቤት ነው?»

«የአያ ጅቦ።»

«ውይ! ፕሮግራሙ እኮ ከእሱ መሸሻ ነው!»

«ነጻ ነው አልኩሽ እኮ!»

ነጻ የሚለው ቃል ስንቱን ብልህ አሞኝቷል፤ አህያማ በምን ይፈረድባታል! እሺ አለች።

ኮዱ ዋሻው እንደገባ አያ ጅቦ ከንፈሩን ላሰ። «ክፍት ነው አይደል? እንግዲያው እኔም ላርም!» ብሎ፣ ጅብ ሲቀርብ «ሽሹ» በል የሚለውን ሰረዘና፣ አህያ ወደ ዋሻው ስትቀርብ «እራት ደረሰ» በል ብሎ ጻፈ። ከዚያም ሞባይሉ እስኪቀሰቅሰው ለጥ ብሎ ተኛ።

በማግሥቱ አመሻሽ ላይ አህዩት ኮዷን ልትጠይቅ ከባሏ ጋር መጣች። ዋሻው ደጅ ስትደርስ የገዛ አንገቷ ላይ ያለው ሞባይል «እራት ደረሰ! እራት ደረሰ!» ብሎ አምባረቀ።

«የማን እራት?» አለች ግራ ገብቷት። ወደ ግራ አየች፤ ማንም የለም። ወደ ቀኝ አየች፤ ባሏም የለም፣ ፈርጥጧል። እንግዲህ የቀረችው እሷ ብቻ ናት። ይህ ሲገባት እግሬ አውጪኝ ብላ ሸሸች።

አያ ጅቦ አፉን ከፍቶ ሲወጣ የጠበቀው አቧራ ብቻ ነበር።

«ለእኔ ብቻ ነበር እኮ የጻፍኩት!» አለ ሊያለቅስ ምንም ሳይቀረው።

«አያ ጅቦ፣ ክፍት ነው እኮ፤ አንተ የጻፍከው በሁሉም አንገት ላይ ይጮኻል» አለ የድለላ አጥንቱን ሊቀበል የመጣው ቀበሮ፣ ባዶ እጁን እያየ።

ከዚያ በኋላ ኮዱ፣ ጅብ ካልነካው የጦጣ ቅጂ ተወስዶ፣ ዋርካው ላይ ተቀመጠ። አያ ጅቦም ከሥር ሆኖ እንዲያነብ አልተከለከለም፤ እርማት ካለው ግን ጦጣና አህዩት ቀድመው ያዩለታል። እስካሁን የላከው አንድ እርማት ነው፦ «‹ሽሹ› የሚለው ‹ቀስ ብላችሁ ሽሹ› ተብሎ ይስተካከልልኝ።»

ከዚህ የምንማረው፣ የጋራ ሥራችንን የምናኖርበትን ቤት ስንመርጥ፣ ኪራዩን ከመጠየቃችን በፊት ባለቤቱ ምን በልቶ እንደሚያድር መጠየቅ እንዳለብን ነው።