ከደጅ የምትሰቀለው የአስታ አምባ ወፍ

በአስታ አምባ ለጥቅምት መድኃኔዓለም በየቤቱ የምትሠራ አንዲት ጌጥ አለች፤ ከገብስ አገዳ የተጎነጎነች፣ ክንፏ በቀይና በአረንጓዴ አለላ የተዋበ፣ መዳፍ የምታህል ወፍ ናት። የምትሰቀለው በአንዲት የፈረስ ጭራ ፀጉር ነው፤ ያውም እንግዳ ከሚያያት ከቤት ውስጥ ሳይሆን ከደጅ፣ ከክፈፉ ሥር፣ ብርዱ ላይ። ከሌላ አገር የመጣን እንግዳ ይበልጥ የሚያስገርመው ግን የቤቱ እናት ነገር ነው። ጠላው ቀርቦ ጨዋታው ሲደምቅ ብድግ ይላሉ፣ ይወጣሉ፣ ይመለሳሉ፤ አንድ ጉርሻ ሳይውጡ ደግሞ ይነሳሉ። «በጥቅምት አንድ አጥንት» ይባል የለ፣ እሳቸው አጥንቱን ትተው ደጅ ደጁን ያያሉ።

ሽማግሌዎቹ እንደሚሉት ነገሩ የመጣው ትበልጥ ከምትባል ሙሽራ ነው። ትበልጥ ከወይና ደጋ ተድራ ስትመጣ ውርጭ ምን እንደሆነ አታውቅም ነበር፤ የእናቷ ቤት ቢናፍቃት፣ እናቷ ለበዓል ትሠራው እንደነበረው አድርጋ የአገዳ ወፍ ጎንጉና ከደጃፏ ሰቀለች ይባላል። ወፏ በደጋው ነፋስ ስትሽከረከር ትውላለች። ታዲያ ትበልጥ አንድ ነገር አስተዋለች፤ ሰማዩ ጠርቶ ወፏ ቀጥ ብላ ከቆመች፣ በማግስቱ ሜዳው በውርጭ ነጭ ሆኖ ይገኛል። ይህንን ለአማቷ ለወይዘሮ ይርገዱ ነገረች፤ እሳቸውም ለመንደሩ አወሩ። ከዚያ ወዲያ ወፏ በቆመች ቁጥር ሰዉ በየማሳው ዳር ኩበትና እርጥብ ገለባ እያጨሰ ገብሱን ሁለት ጊዜ አተረፈ።

በዓመቱ የመድኃኔዓለም ድግስ ተራው የወይዘሮ ይርገዱ ሆነ፤ የዓመቱ እንጀራ የሆነው ገብስ ገና እሸት ነበር። ወይዘሮ ይርገዱ በምራታቸው ሙያ ኮርተው «ደጅ ተሰቅላ ማን ያያታል? አስገቢያትና ከምሰሶው ላይ ስቀያት» አሏት።

«እትዬ፣ ውስጥ ከገባች በምን እናውቃለን?»

«ለአንድ ቀን ነው። እንግዳ ይያት።»

እዩኝ እዩኝ ማለት ደብቁኝ ደብቁኝ ያመጣል፤ ወፏ ገባች። እንግዳው እያያት አደነቀ፣ ዘፈኑ ቀለጠ፣ እስክስታው ወረደ። ትበልጥ ጠላ እየቀዳች ዐይኗ ከወፏ አልነቀል አለ። ወፏ መቆም ቀርቶ እንደዚያ ስትዞር ከቶም አይታት አታውቅም፤ ትበልጥ ግን ፈራች። አንዴ ሰማዩን ልትመለከት ወደ በሩ ስትራመድ አማቷ እጇን ያዙ።

«ሙሽራ ከእንግዳ መሀል ስትወጣ ስትገባ ምን ይሉናል? ይኸው እየዞረች ነው። አርፈሽ ተቀመጪ።»

ትበልጥ ተቀመጠች። ደጅ ነፋሱ ከቆመ ቆይቶ ነበር፤ ውስጥ ወፏን የሚያዞራት የእሳቱ ሙቀትና የጨፋሪው ትንፋሽ ነው።

ጎህ ሲቀድ ገብሱ ነጭ ሆኖ ተገኘ፣ ፀሐይ ሲነካውም ጠቆረ። ሰዉ ማሳው ዳር ቆሞ አለቀሰ። ከልቅሶው በኋላ ደግሞ ሐሜቱ መጣ፤ ወፏ ዋሸች፣ ሙሽራይቱ ገፊ ናት፣ በእግሯ መከራ ይዛብን መጣች፣ ወደ አባቷ ትመለስ ተባለ። ባሏ አንገቱን ደፋ። ትበልጥም ልብሷን ቋጥራ ደጃፉ ላይ ቆመች።

ወይዘሮ ይርገዱ ከሽማግሌዎቹ ፊት ወጥተው እንዲህ አሉ ይባላል፦

«ወፏ አልዋሸችም። ጨፈርን፣ እየጨፈራችሁ ነው አለችን። ከደጅ ያስነሳኋት እኔ ነኝ፤ ልጅቷ ልትወጣ ስትል እጇን የያዝኩትም እኔ ነኝ። ገፊ ከፈለጋችሁ አለሁላችሁ።»

አርባ ዓመት አብረዋቸው የኖሩትን ሴት ማን ገፊ ይበል? ወይዘሮ ይርገዱ የትበልጥን ጓዝ ከእጇ ተቀብለው ፈቱት፤ ከዚያ ወፏን ከምሰሶው አውርደው በገዛ እጃቸው ከደጅ ሰቀሏት። ያን ዓመት መንደሩ በልቶ የከረመው ከትበልጥ አባት አገር በአህያ የመጣ ማሽላ ነው ይባላል።

ከዚያ ወዲህ በአስታ አምባ ወፏን የምትሠራው ሙሽራ ብትሆንም፣ በበዓል እየወጣች የምታያት አማት ናት፤ አማት በሌለችበት ቤት ባልየው ይወጣል። ሙሽራይቱ ከእንግዳ ጋር ቁጭ ብላ ትበላለች። ውርጩ ከዚያም በኋላ ስንት ጊዜ ተመልሶ፣ ጭሱ አልደርስ እያለ ገብሱን ወስዷል። ገፊ የተባለች ሙሽራ ግን እስከ ዛሬ የለችም።