ግማሹ በመቃብር የቀረ ዛጎል

አንድ ሰው ነበረ። ስለ ጠየቅኸኝ ነገር ነውና አታቋርጠኝ። «ሚስቴ ከሞተች ዓመት አለፈ፣ ናፍቆቷ ግን አልተወኝም፤ ምን ይሻለኛል?» ነው ያልከኝ አይደል? እንግዲያው ስማ።

ሰውየው በአሜሪካ ምድር፣ በጥንቱ የማያ ሕዝብ አገር፣ ከባሕር ርቆ በጫካ መካከል የነገሠ ንጉሥ ነበር። በዚያ አገር ከሩቅ ባሕር የሚመጣ ቀይ ዛጎል ትልቅ የንጉሥ ጌጥ ነው። ሕይወት ከውኃ ወጣች፣ የሞተም ወደ ውኃ ይመለሳል ብለው ያምኑ ስለነበር፣ ዛጎሉን የሁለቱም ደጃፍ አድርገው ያዩታል። ዛጎሉ እንደ ባቄላ ክክ ሁለት ገጽ አለው። ንጉሡ ሲያገባ አንዱን እሱ፣ ሌላውን ንግሥቲቱ አንገታቸው ላይ አሰሩ። በየዓመቱ ዝናብ በሚለመንበት በዓል ተቀራርበው ሁለቱን ይገጥሟቸዋል፤ ሕዝቡም እልል ይላል።

ንግሥቲቱ ሞተች። የሷን ግማሽ ደረቷ ላይ አድርገው ቀበሯት።

በዓሉ ሲቃረብ ንጉሡን ጭንቅ ያዘው። ግማሽ ዛጎል አንጠልጥሎ ቢወጣ ሕዝቡ ምን ይላል? ካህናቱ ከባሕር ዳር በቅርጫት ሙሉ ዛጎል አስመጡለት። ቁጭ ብሎ እያነሣ ከራሱ ግማሽ ጋር ሞከረ። አንዱ ይሰፋል፣ አንዱ ይጠባል፤ መልኩ የተመሳሰለውም ሁለቱ ገጾች የሚያያዙበት ማጠፊያው ላይ ይወላገዳል። ዛጎል ከገዛ ጓደኛው በቀር ከሌላ አይገጥምምና።

«ንጉሥ ሆይ፣ መቃብሩ ይከፈት፤ ዛጎሉ የእርስዎ ነው፣ ይውሰዱት» አሉት ካህናቱ።

ወደ መቃብሩ ክፍል ገባ። ችቦውን ግድግዳው ላይ አስደግፎ ተንበረከከ። ከደረቷ ላይ ዛጎሉን አንሥቶ ከራሱ ጋር ቢያጋጥመው፣ ምንም ሳይወላገድ ግጥም አለ። ያን ጊዜ ይዞት የኖረው እንባ አመለጠው፤ ምን ያህል እንደናፈቀችው ለማንም ተናግሮ አያውቅም ነበር።

«ይህንን ከወሰድኩብሽ ባዶ እጅሽን ልትቀሪ ነው» አላት። የሷን ግማሽ ደረቷ ላይ መልሶ ወጣ።

በበዓሉ ቀን የራሱን ግማሽ ብቻ አንጠልጥሎ፣ የሷ ግማሽ የሚገጥምበትን ባዶውን ጎን ወደ ሕዝቡ አዙሮ ቆመ። እልልታ አልተሰማም። ነገር ግን ባሏን የቀበረች፣ ልጁን ያጣ ሁሉ ቀና ብሎ አየው። ለካ ንጉሡም እንደ እኛው ጎደሎ ነው ብለው አብረውት አለቀሱ፤ ዝናቡንም አብረውት ለመኑ።

አንተም እንደዚያ ንጉሥ ነህ። ወዳጆችህ ሌላ አግባና ይለቅሃል ይሉሃል፤ ማግባቱን ከወደድክ አግባ፣ እኔ አልከለክልህም። ግን ናፍቆትህ በሽታ መስሎህ መድኃኒት አታስስለት። የጎደለህ ቦታ የእሷ ልክ ነው፤ ሳትሸሽግ ይዘኸው ሰው ፊት ውጣ። ይኸው ከሞተች ወዲህ ስሟን ስትጠራ አንድ ቀን እንኳ ሰምቼህ አላውቅም። እስቲ አሁን ጥራው።