በልሁ የፈታው ካምቢዮ

አንድ መካኒክ ነበር፤ በልሁ ይሉታል። በአውራ ጎዳና ዳር ባለች ትንሽ ከተማ ውስጥ ጋራዥ ነበረው። ረጅም ካቻቢቴ አለችው፤ ጫፏን ከሞተሩ ላይ፣ እጀታዋን ከጆሮው ላይ ያደርግና ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጣል። ከዚያ "ሕመሟ ይኼ ነው" ይላል፤ አንድ ብሎን ሳይፈታ። ሾፌሮች ሃያ ዓመት ሙሉ ያመኑት በዚህ ጆሮው ነው።

ከመንገዱ ማዶ ሽብሩ የሚባል ሌላ መካኒክ ጋራዥ ከከፈተ ወዲህ ግን በልሁ ዕረፍት አጣ። ሥራ ጠፍቶበት አይደለም፤ ደጁ እንደ ድሮው መኪና ይሰለፍበታል። ብቻ ዓይኑ ማዶ ማዶ ይላል። ማን ገባ? ማን እየሳቀ ወጣ? ምሳውን እንኳ የሚበላው ፊቱን ወደ መንገዱ አዙሮ ነው። ሚስቱ አንድ ቀን "አንተ ሰውዬ፣ የምትጎርሰው ከዚህ ሳህን ነው ወይስ ከሽብሩ ሳህን?" ብላዋለች። አልሳቀም።

አንድ ረፋድ ነጋሽ የተባለ ሾፌር ገበያተኛ የሚያመላልስባትን አሮጌ ሚኒባስ ይዞ ወደ በልሁ መጣ።

"ጋሽ በልሁ፣ በሞቴ ይቺን መኪና ያዳምጡልኝ። በቀደም ካምቢዮዋን አስወርጄ፣ ያረጀው ሁሉ ተቀይሮ ታደሰ። ማርሹ አሁን ሳይለምኑት ነው የሚገባው። ግን ስነዳት ከሥር ዡው… ትላለች።"

"ማን ነው ያደሰው?"

"ሽብሩ።"

"ማን አልከኝ?" አለ በልሁ። ሰምቶ ነበር፤ ደግሞ መስማት ፈልጎ ነው።

ሚኒባሷ እንደቆመች ሞተሩን አስነሳና ካቻቢቴዋን ካምቢዮው ላይ አሳረፈ። ዝም። ነጋሽን ፍሪሲዮን አስረገጠው፤ አስለቀቀው። ያው ዝም። ቆማ ዝም የምትል፣ ስትሄድ ብቻ የምትጮህ መኪና እየነዱ ነው የምትደመጠው፤ ይህን በልሁ ከማንም በላይ ያውቃል። ግን ሾፌሮች ከብበውታል።

"እህስ ጋሽ በልሁ፣ የሽብሩ ካምቢዮ ምን ይላል?" አለ አንዱ።

በልሁ ዓይኑን ገለጠ። "ዘንጉ የሚሽከረከርበት ኩሽኔታ ሞቷል። ምን ይደረግ፣ ካምቢዮ ማደስ በር እንደ መቀባት የመሰላቸው በዝተዋል።"

ሾፌሮቹ ሳቁ። ሳቁ መንገዱን ተሻግሮ ሽብሩ ጋ ደረሰ። በልሁም እንዲደርስ ፈልጎ ነበር።

ካምቢዮው ወረደ፤ ተፈታ። በልሁ ብቻውን ጎንበስ ብሎ አየው። የማርሾቹ ጥርሶች ላይ አንዲት ጭረት የለም። ኩሽኔታዎቹን በጣቱ ቢያሽከረክራቸው ያለ አንዳች ኮሽታ ይዞራሉ። እያንዳንዱ ብሎን ከጠበቀ በኋላ፣ እንዳልተረሳ እንዲታወቅ፣ በነጭ ቀለም ነጠብጣብ ተደርጎበታል። በልሁ በሃያ ዓመት ሥራው ለአንድም ብሎን እንዲህ ተጨንቆ አያውቅም። ያን ጊዜ ልቡ ከበፊቱ ይብስ ነደደ። ጉድ ቢያገኝበት ደስ ብሎት ይበርድለት ነበር፤ ንጹሕ ሥራ ሲያገኝ ግን ቅናቱን የሚያሳርፍበት ቦታ አጣ።

"አገኙት ወይ?" አለ ነጋሽ ከውጭ።

"ይኼ ደህና ነው፤ ድምፁ ከሌላ ቦታ ነው" ማለት ብቻ ይበቃ ነበር።

በልሁ ግን "አገኘሁት" አለና ደህናውን ኩሽኔታ አውልቆ በሌላ ተካው።

ሚኒባሷ ከጋራዡ ወጣች፤ ድምፁም አብሯት ወጣ። ነጋሽ በማግስቱ ተመልሶ "ኧረ ያችው ናት!" ቢለው፣ በልሁ "አዲሱ ዕቃ እስኪለማመድ ነው፤ ንዳት" አለው። ነጋሽም አመነና ሦስት ቀን ሰው ጭኖ ነዳ።

በአራተኛው ቀን ዡውታው ጩኸት ሆነ። ነጋሽ ግራ ቢገባው ሽብሩ ደጅ ሄዶ አቆመ። ሽብሩ ካቻቢቴም ቁልፍም አላነሳም። ወደ ማዶ እጁን አውለበለበና "ጋሽ በልሁ! ይምጡ፣ አብረን እንስማት" አለ። ሾፌሮቹ ሁሉ ያያሉ። በልሁ እንቢ የሚልበት መንገድ አልነበረውም፤ ሄዶ ሚኒባሷ ውስጥ ከኋላ ተቀመጠ።

ከከተማው ወጥተው ቁልቁለት ላይ ሲደርሱ ሽብሩ "ማርሹን አውጣው" አለ። ነጋሽ አወጣው። ድምፁ አልቀነሰም። "እስቲ ትንሽ ወደ ቀኝ ጠምዝዛት።" ጩኸቱ አየለ። "ወደ ግራ።" ጩኸቱ ረገበ። በልሁ ከኋላ ሆኖ፣ ሳያስበው፣ "የግራ ጎማ ኩሽኔታ ነው፤ የኋላው" አለ። ያ ጆሮው ለካ እስካሁን ይሠራል።

ወርደው ጎማውን በክሪክ አነሡት። በእጅ ቢነቀንቁት እንደ ሕፃን ጥርስ ወለቅ ወለቅ አለ። ብረቱ ግሎ እጅ አያስጠጋም።

"ዛሬ ጠዋት ስንት ሰው ጭነህ ነበር?" አለ ሽብሩ።

"አሥራ አራት። ሁለቱ ሕፃን ያዘሉ ናቸው።"

"ይኼ ጎማ ነገን አያይም ነበር፤ ነጋሽ።"

በልሁ መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ቁጭ አለ።

ሲመለሱ ሾፌሮቹ ከበቧቸው። ሽብሩ "የጎማ ኩሽኔታ ነው" አለ። ስለ ካምቢዮው ትንፍሽ አላለም። በልሁ ዝም ቢል ኖሮ ነገሩ እዚያው ተዳፍኖ ይቀር ነበር።

"ካምቢዮው ደህና ነበር" አለ በልሁ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

"አልሰማንም ጋሽ በልሁ! ስለ በር ቀቢ ሲያወሩ እኮ እስከ ማዶ ይሰማ ነበር!" አለ ከሾፌሮቹ አንዱ።

በልሁ ቀና አለ። "ካምቢዮው ደህና ነበር! ስፈታው አይቼዋለሁ። እኔ እንደዚያ አድርጌ ሠርቼ አላውቅም። አገኘሁት ያልኩት ውሸቴን ነው።"

ማንም አልሳቀም።

ወዳጆቼ፣ በልሁን ያሳተው አለማወቅ አልነበረም። ቅናት ጆሮ አያደነቁርም፤ የሚሰማውን ቀድሞ ይመርጥለታል እንጂ። እኛ የሌላውን ሰው ጥፋት ስንፈልግ እውነተኛው ብልሽት ሌላ ቦታ እየበላ ይቆያል፤ የሚጎዱት ደግሞ በነገሩ የሌሉበት ሰዎች ናቸው። ጥፋት ፈልጎ ማጣት ነውር የለውም። ነውሩ ማጣታችንን መደበቅ ነው።

እርስዎስ፣ ጉድ አገኝበታለሁ ብለው የማንን ሥራ ፈትተው ያውቃሉ? ንጹሕ ሆኖ ሲያገኙትስ ምን አሉ?