የአይደርሰኝ ጉብታ

በዝግባ ሜዳ፣ በወይናገብና በድንጋያ አጥቢያዎች መካከል አንድ ጉብታ አለ፤ ስሙ አይደርሰኝ ይባላል። ስፋቱ ከአንድ ጥማድ አይበልጥም። አይታረስም፣ ከብት አይሰማራበትም፣ ከሦስቱ አጥቢያዎች አንዳቸውም «የእኔ ነው» አይሉትም። ለአንድ ክንድ መሬት ወንድም ከወንድሙ በሚካሰስበት አገር ይህን የመሰለ አፈር ጦሙን የሚያድረው ለምንድን ነው የሚል ካለ፣ መጥቶ እኛን የቀጨሞ ሰዎችን ይጠይቅ። የምናውቀው እኛ ነን፤ ጦሙን ያሳደርነውም እኛው ነን፣ እሰይ!

አባቶች እንደሚነግሩን ቀጨሞ በጥንት ዘመን ስድሳ ጭስ፣ ማለት ስድሳ አባወራ ያለው፣ ራሱን የቻለ አጥቢያ ነበር፤ ሦስቱ ጎረቤቶቹ፣ ዝግባ ሜዳ፣ ወይናገብና ድንጋያ ግን አርባ አርባ ጭስ ነበሩ። በየሦስት ዓመቱ በመስቀል ማግስት የየአጥቢያው አባወራ ሜዳ ይወጣና ከወደደው ሰው ኋላ እየቆመ ጭቃ ሹሙን ይመርጥ ነበር ይባላል። ዳኝነቱም፣ የምንጩን ውሃ በተራ ማካፈሉም በጭቃ ሹሙ እጅ ነበር። የቀጨሞው ጭቃ ሹም አባ አሰጌ የሚባሉ ሽማግሌ ነበሩ፤ የአገሩ ምስለኔ ባላምባራስ ጓንጉል ደግሞ ቤቱን ዝግባ ሜዳ ዳር፣ በዚያው ጉብታ ላይ ሠርቶ፣ የቀጨሞን ምንጭ ጠልፎ የራሱን ጓሮ ሊያጠጣ ፈለገ። አባ አሰጌ «ጌታዬ፣ ተራዎን ይጠብቁ» አሉት። ያቺ ቃል ሆዱ ገባች።

ባላምባራሱ አልተቆጣም፣ አልከሰሰም፤ የመሬት መለኪያ ገመድ፣ ቃላድ አስጎትቶ ቀጨሞን ሦስት ቦታ ቆራረጠውና ሃያ ሃያውን ጭስ ለሦስቱ ጎረቤቶች አደለው። እንግዲህ ሃያ ሰው ከአርባ ሰው ጋር ሜዳ ቢወጣ ማንን ሊያሾም ነው? አዋጅም አስነገረ፦ ሰው የሚመርጠውም፣ የሚዳኘውም፣ የሚቀበረውም ጉልቻው በተተከለበት አጥቢያ ብቻ ነው፤ ከእንግዲህ ደግሞ በየምርጫው የአጥቢያውን ወሰን የሚጥለው የተመረጠው ጭቃ ሹም ነው። ጭቃ ሹሞቹ ሁሉ የራሱ ሰዎች ስለሚሆኑ ወደፊትም እንደፈለገ ሊያስሸርፍ አስቦ ነው። አንዴ የተጣለውን ወሰን እስከሚቀጥለው ምርጫ የነካ፣ ከወሰኑ ውጭ የዳኘና የቀበረም ውግዝ ይሁን ብሎ በቄሶች አስገዘተበት። የቀጨሞ ሰዎች አቤት ሊሉ ደጁ ቢሄዱ ከት ብሎ ስቆ፣ «ምን አስጨነቃችሁ? ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥ» አላቸው ይባላል።

አባ አሰጌ ሹመታቸውም ውሃቸውም ሄዶ፣ በዚያው ዓመት በዐቢይ ጾም አረፉ። ኑዛዜያቸው አንዲት ነበረች፤ ኪዳነ ምሕረት ቅጥር ውስጥ ከሚስታቸው ጎን መቀበር። ነገር ግን ቤታቸው በአዲሱ ወሰን ለድንጋያ ደርሶ፣ ኪዳነ ምሕረት ለወይናገብ ደርሳ ነበርና ቄሶቹ ግዝቱን ፈሩ። ልጃቸው አትጠገብ ባሏ የሞተባት፣ ከአባቷ ጋር የምትኖር ሴት ነበረች፤ ሬሳው ቤት እንዳለ ሮጣ ባላምባራሱ እግር ላይ ወደቀች። ቀና ብሎም አላያትም። «ወሰን ወሰን ነው» አላት። አባቷን ድንጋያ ወስዳ ከማያውቁት ሰው መካከል ቀበረቻቸው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ከሏን አላወለቀችም። የነፍስ አባቷ ቢጨንቃቸው «ልጄ፣ ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት» ሲሏት፣ «እንግዲያውስ አባ፣ ጸሎቱን ልተወዋ!» አለቻቸው ይባላል። ይፍረድባት የሚል ይፍረድባት፤ እኔ አልፈርድባትም። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ።

ሁለት ዓመት ሙሉ በየቤቱ እየዞረች አንድ ነገር ብቻ ስትናገር ከረመች፦ «ጉልቻው ባለበት አይደል ያለው? ጉልቻ እንደሆነ ድንጋይ ነው፤ ድንጋይ ደግሞ ይነሣል።» የምርጫው መስቀል ሳምንት ሲቀረው፣ ለወይናገብና ለድንጋያ የተሰጡት የቀጨሞ ሰዎች፣ አርባውም ጭስ፣ በጠራራ ፀሐይ ተነሡ። ወንዱ ማገርና ሣር ተሸክሞ፣ ሴቱ ጉልቻውን እንደ ሕፃን በአንቀልባ አዝላ፣ ዝግባ ሜዳ ሄደው በወገኖቻቸው መሬት ላይ ጎጆ ቀለሱና እሳት አነደዱ። ባላምባራሱ ከደጁ ሆኖ ጭሱን ሲያይ፣ «አላልኳችሁም? ደጅ ሊጠኑኝ መጡ!» ብሎ ከሎሌዎቹ ጋር ሳቀ አሉ። ሞኝ!

በመስቀል ማግስት ሜዳው ላይ ከባላምባራሱ ሰው ኋላ አርባ አባወራ ቆመ፤ ከሸማኔው ከእርገጤ ኋላ ስድሳ ቆመ። ባላምባራሱ ሲንቀው የኖረው የቀጨሞው ሸማኔ ጭቃ ሹም ሆነ። በአዋጁም መሠረት ወሰን ጣይ እሱ ነውና ቃላዱን አነሣ፤ አትጠገብም ጫፉን ያዘችለት። ገመዱ በባላምባራሱ አጥር ሥር በወዲህ በኩል አለፈና ቤቱን ከዝግባ ሜዳ አስወጣው። ወይናገብና ድንጋያ ወሰናቸውን በማለዳ ጥለው ጨርሰው ነበር። የእነሱ ሹሞች የገዛ ሰዎቹ ሆነው ሳለ፣ «ባላምባራስ፣ ግዝቱን ማን ያፈርሳል?» እያሉ አንገታቸውን ደፉ። በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም!

ባላምባራሱ ጉልቻ ተሸክሞ መሄድ ውርደት ሆነበትና የሚዳኘው አጣ፣ የውሃ ተራ አጣ፣ ሎሌዎቹ አንድ በአንድ ከዱት። በሁለተኛው ዓመት ሰኔ ሲገባ ሞተ። የቀሩት ሁለት ሎሌዎች ሬሳውን ተሸክመው ወይናገብ ቢሄዱ «አይደርሰኝም» ተባሉ፤ ድንጋያ ቢሄዱ «አይደርሰኝም» ተባሉ፤ ዝግባ ሜዳ ሲመለሱ እርገጤ ወጥቶ «እኔንም አይደርሰኝም» አላቸው። ያለ ፍትሐት፣ በገዛ ጓሮው ቀበሩት። የአትጠገብ ነፍስ አባት «አሁን እንኳ ይቅር በይው» ቢሏት፣ ወሰኑ ዳር ቆማ፣ «ይቅርታውን ብሰጥ ማን ያሻግርለታል፣ አባ?» አለቻቸው። ከሏን ያወለቀችው ያን ዕለት ነው ይባላል። ቀጨሞም በሚቀጥለው ምርጫ ተመልሶ አንድ ሆነ፤ ጉብታውን ግን ወደ ወሰኑ ያስገባ ጭቃ ሹም እስከ ዛሬ አልተገኘም።

በዚህ አገር ተጣልቶ ለተራገመ ሰው ትልቁ እርግማን «አይደርሰኝ ይድረስህ!» ነው። ዓምና ደግሞ የምርጫ ክልል ሊያስተካክሉ ነው ተብሎ ከከተማ ሰዎች መጥተው፣ ካርታቸውን ጉብታው ላይ ዘረጉት። ቀጨሞ ሦስት ቀለም ተቀብቷል። ከአትጠገብ ዘር ነኝ የሚሉት እማማ የሺመቤት ጎንበስ ብለው ካርታውን ካዩ በኋላ፣ ካርታ የያዘውን ባለሙያ በፍቅር ቃል፣ «ልጄ፣ የአንተ ቤት በየት በኩል ነው?» አሉት።

«የእኔ እዚህ አይደለም እማማ፣ ሩቅ ነው» አላቸው እየሳቀ።

«ግድ የለም ልጄ» አሉት፣ «እናገኘዋለን።»