ለብቻ የማይበላው ክኒን

አንዲት ነፍሰ ጡር ሴት ነበረች፤ የመጀመሪያ ልጇን የያዘች። በስድስተኛ ወሯ ለክትትል ጤና ጣቢያ ሄደች። ደሟ ተመረመረ፤ አነስተኛ ሆኖ ተገኘ። ሲስተሯ ብረት ያለበት ቫይታሚን፣ ዘጠና ፍሬ፣ በአንድ ብልቃጥ ሰጠቻት። «በቀን አንድ። ለአንቺ ነው» አለቻት።

ወገኖቼ፣ «ለአንቺ ነው» የሚለውን ቃል ያዙልኝ። ዛሬ ተቆጥቼ ነው የቆምሁት፤ የተቆጣሁትም በዚህ ቃል ምክንያት ነው።

ሴቲቱ ብልቃጡን ይዛ ቤቷ ገባች። ቤቷ የባሏ እናት ቤት ነው። ምን አደረገች? ሣጥኗ ውስጥ ቆለፈችበት? አልቆለፈችበትም። በጨዋ ቤት ያደገች ናት፤ ለአማቷ በሁለት እጇ አቀረበችላቸው። አማቷ እማማ ደብሪቱ ብልቃጡን ወደ ብርሃን አነሡና አገላብጠው አዩት።

«ምንድን ነው ይኼ?»

«ቫይታሚን ነው እማማ። ደም ይተካል አሉኝ።»

«እሰይ! ታዲያ ደም የማያስፈልገው ማን አለ?»

ከዚያ ቀን ጀምሮ እራት ተበልቶ እጅ ሲታጠብ እማማ ደብሪቱ ብልቃጡን ይከፍታሉ። ለልጃቸው፣ ማለትም ለባሏ፣ አንድ። ለሁለቱ የባሏ ወንድሞች አንድ አንድ። ለራሳቸው አንድ። ለእርሷም አንድ። በእጃቸው ነበር የሚያጎርሱት። «አፍህን ክፈት! እናትህ አይደለሁ?» እያሉ። ጎረቤት ከመጣም ጎረቤት ባዶ አፉን አይወጣም።

ክፉ ሴት ናቸው? አይደሉም። ክፉ ቢሆኑ ምንኛ በቀለለኝ! እኛ አገር ለብቻ መብላት ነውር ነው። ልጅ ሆነን የተቆነጠጥነው በዚህ ነው። ቁራሽ ዳቦ ብትገኝ ተቆርሳ ነው የምትበላ። እማማ ደብሪቱም ክኒኑን እንደ ዳቦው ቆረሱት። ደግ ሆነው ነው ያጠፉት፤ እኔም የምቆጣው በዚህ ደግነታችን ላይ ነው።

ባልየው ወፍጮ ቤት አለው። ስሙ ጥጋቡ ነው፤ እናቱ ናቸው ያወጡለት፣ እኔ የለሁበትም። ኩንታል በአንድ ትከሻው ያነሣል። ጠዋት እንቁላሉን፣ ቀን ወጡን፣ ማታ ደግሞ የቀኑን የሚያስረሳ ራት ይበላል። ይህ ሰው ምን ጎድሎት ነው ቫይታሚን የሚውጠው? ጠይቄው ነበር። «አባ፣ ያነቃኛል» አለኝ። ተኝቶ የማያውቅ ሰው! ምን ሊያነቃው ነው?

የሴቲቱን ስም ልሰውር አስቤ ነበር። እርሷ ግን «ይጥሩኝ አባ፤ ለሌላዋ ትምህርት ትሁን» ብላኛለች። ውባየሁ ትባላለች።

እስቲ አስሉት። ዘጠና ፍሬ ለአንዲት ሴት የሦስት ወር ነው። ለአምስት አፍና ለመንገደኛው ሁሉ ሲሆን ሦስት ሳምንት አይሞላም። ውባየሁ ይህን አየች። ብልቃጡ ሲጎድል አየች። ደረጃ ስትወጣ ዓይኗ እንደሚጨልምባት የምታውቀው እርሷ ናት። ስለዚህ አንድ ቀን አሥር ፍሬ አወጣችና በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረቻቸው።

አሥር ፍሬ። የራሷን። ከራሷ ብልቃጥ ሰረቀች።

ነጠላው ሲታጠብ ቋጠሮው ተገኘ። ከዚያ ቤቱ ተናወጠ። «ሰሰተች! ከእኛ ደብቃ ልትበላ!» ተባለ። የነፍስ አባት ይጠራና ይገሥጻት ተባለ። የነፍስ አባቷ ማን ይመስላችኋል? ይኸው ፊታችሁ ቆሟል።

ሄድሁ። ደግሞ እኮ ባዶ ሆዴን አልነበርሁም። ከሁለት ሳምንት በፊት ጸበል ልረጭ ገብቼ እማማ ደብሪቱ «ለአባም አንድ ስጧቸው፤ ቆመው የሚውሉ ናቸው» ብለው አጉርሰውኛል። ውጫለሁ። በማግስቱ ቅዳሴ ላይ ጉልበቴ የበረታ መሰለኝ። መሰለኝ ነው የምላችሁ! ምንም አልበረታም። የበረታው ሆዴ ነው።

ውባየሁ ግድግዳ ተደግፋ ቆማ ነበር። ከንፈሯ ነጭ ነው። እኔ ግን ከንፈሯን አላየሁም፤ ቋጠሮውን ነው ያየሁት።

«ልጄ፣ ከማዕድ መደበቅ ስስት ነው» አልኋት።

«አባ፣ ሲስተር ለአንቺ ነው ብላኝ ነው።»

«ሲስተር ናት የነፍስ አባትሽ?»

ይህን አልሁ። በዚህ አፌ። ዛሬ ወንጌል በምሰብክበት አፍ።

የአማቷን ጉልበት ስማ ይቅርታ እንድትጠይቅ አዘዝሁ። በሰባተኛ ወሯ ጎንበስ ማለት አቅቷት በአንድ እጇ ግድግዳውን ይዛ፣ በሌላው ሆዷን ይዛ ሳመች። አሥሩ ፍሬ ለቤተሰቡ ታደለ። ሁላችንም ደስ ብሎን ተለያየን። ቤቱ ታርቋል አልን። ምን ዓይነት እርቅ ነው ይህ? ከመካከላችን አንዲቷን አስጎንብሰን የታረቅነው እርቅ!

ብልቃጡ ሲያልቅ ሌላ ላምጣ ብላ መሄድ አፈረች። ሲስተር «በሦስት ሳምንት ጨረስሽው?» ስትላት ምን ትመልስ? አማቴ አደሉት ትበል?

ወሯ ሲገባ ምጥ ያዛት። የከተማው ሆስፒታል አስገቧት። ሕፃኑ በሰላም ወጣ፤ ወንድ ነው፣ ትንሽ ቀጠን ያለ። ከሕፃኑ ኋላ ግን ደሙ አልቆመም። ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ተጠርቼ ደረስሁ። ጥጋቡም፣ ወንድሞቹም፣ እማማ ደብሪቱም ኮሪደሩ ላይ ናቸው።

አዋላጇ ወጣች። ሲስተር ትርንጎ ትባላለች፤ ጤና ጣቢያው ሳለች ብልቃጡን የሰጠቻት ራሷ ናት፣ በኋላ ወደ ሆስፒታሉ ተዛውራ ነው። እጅጌዋ ላይ ደም አለ።

«ክኒኑን በደንብ ትወስድ ነበር?» አለች።

«እንዴታ!» አለ ጥጋቡ። ኩራት ነበረው፣ ወገኖቼ። «ሁላችንም ነው የወሰድነው!»

«ሁላችሁም?»

«እኛ ቤት ለብቻ አይበላም።»

ሴት ልጅ እንደዚያ ስትቆጣ አይቼ አላውቅም። አልጮኸችም። ድምፅዋን ዝቅ አደረገች፤ ከጩኸት የባሰው እርሱ ነው።

«እናንተ ጤነኛ ሰዎች ናችሁ» አለች። «ትበላላችሁ፣ ትጠጣላችሁ። የሚያስፈልጋችሁን ከሽሮውም፣ ከጎመኑም፣ ከሥጋውም ታገኙታላችሁ። ደህና ለሚበላ ጤነኛ ሰው በየቀኑ ቫይታሚን መዋጥ ይህ ነው የሚባል ጥቅም የለውም። በሺህ የሚቆጠር ሰው ለዓመታት እየተከታተሉ አጥንተውታል፤ ዕድሜ ሲያረዝም አላዩትም። ሰውነታችሁ የተረፈውን አብዛኛውን ይሸናዋል። ብረቱ ደግሞ ሲበዛ ይከማቻል፣ ይጎዳል እንጂ አይጠቅምም። እናንተ ላይ ሽንት የሆነው እርሷ ላይ ደም ነበር! ሌላ ሴት የምትቋቋመውን መፍሰስ እርሷ አልቻለችውም። የሚፈስሰው አለ፤ የሚተካው ግን የለም።»

ቀጥላም፣ «አሁን ደም ያስፈልጋታል። እዚህ ያለን አይበቃም። ማን ይሰጣል?» አለች።

ምን የሚሆን ይመስላችኋል? ደም ይተካል ያሉትን ክኒን የዋጥን አራት ጤነኛ ወንዶች ቆመናል። እኔንም ቁጠሩኝ። ማን እጁን ዘረጋ?

ጥጋቡ «እኔ እንኳ ሰሞኑን ደከም ብሎኛል» አለ። ኩንታል አንሺው! ትልቁ ወንድሙ «መርፌ አልወድም» አለ። ትንሹ ጫማውን ያይ ጀመር። ሲስተር ወደ እኔ ዞረች።

«አባስ?»

«ልጄ፣ እኔ ነገ ቀዳሽ ነኝ። ደም የፈሰሰው ቀዳሽ ወደ መቅደስ አይገባም።»

ሥርዓቱን አልነቅፍም። ሥርዓቱ እውነት ነው። መደበቂያ ያደረግሁት ግን እኔ ነኝ። ሌላ ቄስ መተካት ይቻል ነበር፤ አውቅ ነበር። ፈርቼ ነበር፤ ፍርሃቴን ካባ አለበስሁት።

ሲስተር ትርንጎ አየችኝ። «አባ» አለች፣ «ነገ የሚቀድሱት ስለ ፈሰሰ ደም አይደለም እንዴ?»

ሠላሳ ዓመት ቀድሻለሁ። ስለ ቅዳሴ እንደዚያ አጭር ትምህርት ሰምቼ አላውቅም።

የተነሣው ማን ነው? እኔ ነኝ ብዬ ብነግራችሁ ደስ ይለኝ ነበር። አይደለሁም። እማማ ደብሪቱ ናቸው። ሰባ ዓመት ያለፋቸው ሴት ነጠላቸውን ጣሉና ቀጭን ክንዳቸውን ዘረጉ። «የእኔን ቅጂው። እኔ ነኝ ያጠፋሁት፤ የልጄን ድርሻ በእጄ ነው ያደልሁት» አሉ፤ እያለቀሱ። ሲስተር ክንዳቸውን ይዛ «እማማ፣ በዚህ ዕድሜ አይሆንም» አለቻቸው። እሳቸውም ወደ ልጆቻቸው ዞሩ። ብቻ አዩዋቸው።

ያኔ ጥጋቡ ገባ። ወንድሞቹ ተከተሉ። እኔም ቀሚሴን ሰበሰብሁ። የጥጋቡና የእኔ ደም ከእርሷ ጋር ገጠመ። በማግስቱ ሌላ ቄስ ቀደሰ፤ ቅዳሴው አልታጎለም። ውባየሁ ተረፈች። ልጇን ራሷ አንሥታ ለማቀፍ ግን ሁለት ወር ፈጀባት።

በሦስተኛው ቀን ልጠይቃት ገባሁ። ይቅርታ ልላት ቃል ስፈልግ ቀደመችኝ። «አባ፣ ስላስቸገርኋችሁ ይቅር በሉኝ» አለችኝ። እርሷ ናት ይቅርታ የጠየቀችው! ወጥቼ የሆስፒታሉ ግንብ ሥር አለቀስሁ። ያለቀስሁት ከኀዘን አይምሰላችሁ፤ ከንዴት ነው፣ በራሴ ላይ።

እንግዲህ ወደ እናንተ ልምጣ።

ስንቶቻችሁ ቤት ያ ብልቃጥ አለ? አትፈሩ፣ እጅ አውጡ አልልም። ሐኪም መርምሮ ያዘዘላችሁ ዋጡ፤ ያውም ሳታቋርጡ፣ ሳታካፍሉ። ነፍሰ ጡሮች፣ ስሙኝ፦ የታዘዘላችሁን ለብቻችሁ ብሉ! የነፍስ አባት ካስፈለገ እኔ ፈቅጃለሁ። ጤነኞች ሆናችሁ ሳለ ግን፣ ምንም ሳይጎድላችሁ፣ «ምናልባት ይጠቅመኛል» እያላችሁ የምትውጡት ስለ ምንድን ነው? ጥጋብ ለምን አያስተማምናችሁም?

ነገሩ በክኒን ቢያልቅ ኖሮ ይህን ያህል አልቆጣም ነበር።

ጸበል ቦታ ሄዳችሁ ታውቃላችሁ? ታማሚው በቃሬዛ ወረፋ ይጠብቃል፤ ጤነኛው «ለበረከት ነው» ብሎ በጉልበቱ ይቀድመዋል። በረከት! ከታማሚ ተነጥቆ? ለችግረኞች ብርድ ልብስ ሲመጣ ቤቱ አራት ብርድ ልብስ ያለው ሰው አምስተኛውን ለመቀበል ይሰለፋል። አንድ ጉባኤ የማያመልጣችሁ አላችሁ፤ ይህን ትሰማላችሁ፣ ያንን ትሰማላችሁ፣ ቃሉን ትውጣላችሁ፣ ትውጣላችሁ። የት ገባ? ማን ዳነበት? ቤታችሁ የምታገለግለው ልጅ የእሑድ ቅዳሴ ከደረሳት ስንት ዓመቷ ነው? እናንተ ጠግባችሁ ስትደግሙ ድስት የምትጠብቅላችሁ እርሷ አይደለችም?

አንዳንዶቻችሁ ደግሞ እንደ እኔ ናችሁ። አትነጥቁም። የተነጠቀችውን ግን ትገሥጻላችሁ። «ታገሺ» ትላላችሁ። «ቤት አታፍርሺ» ትላላችሁ። ከንፈሯ ሲነጣ አታዩም። በእናንተ ላይ ነው ዋነኛው ቍጣዬ፤ ምክንያቱም አውቃችኋለሁ።

መካፈል ተዉ አላልሁም። ለጎደለው አካፍሉ! ከሞላው ወደ ጎደለው የሚሄድ ነው መካፈል የሚባለው። ከጎደለው ቀንሶ ለሞላው ማደል ሌላ ስም አለው፤ እርሱን ራሳችሁ ጥሩት። ዛሬ ማዕድ ስትቀርቡ ከመጉረሳችሁ በፊት ዞር ዞር በሉና እዩ። የማንን ድርሻ ነው የያዝሁት በሉ።

አሁን ንግግር ይብቃ። ደጀ ሰላሙ አጠገብ ጠረጴዛ አለ። የደም ባንክ ሲስተሮች ከጠዋት ጀምሮ ተቀምጠዋል። ስትገቡ ያላያቸው የለም፤ በአጠገባቸው ነው ያለፋችሁት። ስንት ሰው ተመዘገበ ብዬ ልኬ ነበር። ማንም የለም ተባልሁ። ይህ ሁሉ ጤነኛ ቆሞ!

እሺ፣ በፊታችሁ እጠይቃለሁ። ማን ነው የሚሄደው?

ዝም አላችሁ።

እኛም በዚያ ኮሪደር ልክ እንዲህ ነበር ዝም ያልነው። ከበሩ ወዲያ የውባየሁ ደም ይፈስስ ነበር።