«ሞተር» የሚለው ቃል መሃል ላይ ሲቆረጥ

አንድ ሰው ነበር፤ የኮምፒውተር ፕሮግራም ሠሪ። አንድ ሆስፒታል ለታካሚ ቤተሰብ የሚልከው የስልክ መልእክት ሲረዝም፣ ትርፉን የሚቆርጥ ፕሮግራም የሠራው እሱ ነው።

ሰናይት የምትባል ባልደረባው ሥራውን አየችና፣ «ይሄ እኮ ቃሉን መሃል ላይ ይበጥሰዋል» አለችው። «ወደ ኋላ መለስ ብሎ፣ ቃል ያለቀበት ቦታ ላይ ቢቆርጥ ምናለ?»

«ሰው ራሱ ይሞላዋል ባክሽ» አላት።

ሰነፈ፣ ወገኖቼ። ሌላ ምክንያት አልነበረውም።

ወይዘሮ ጥሩወርቅ የሚባሉ እናት ገበያ ውስጥ ሳሉ ከሆስፒታሉ መልእክት መጣላቸው። የተጻፈው ምን ነበር? «ልጅዎ መክብብ ሞተር ገጭቶት እግሩ ተሰብሯል፤ በሕይወት አለ።» የደረሳቸውስ? የሆስፒታሉ ስምና ሰላምታው ቦታውን ጨርሰውት፣ «ልጅዎ መክብብ ሞተ» ይላል። «ር» ቀረች! አንዲት ፊደል!

እናት ምን ታድርግ? ልጃቸው ጋ ደወሉ፤ ስልኩ አደጋው ላይ ተሰባብሯል። መልእክቱ ወደመጣበት ቁጥር ደወሉ፤ የማሽን ቁጥር ነው፣ ማን ያነሳል? ፊታቸውን ነጩ። ጎረቤት ድንኳን ጣለ። አስከሬን ሊያመጡ የሄዱ ዘመዶች ሆስፒታል ሲደርሱ፣ መክብብ አልጋው ላይ ተቀምጦ ሾርባ ይጠጣል።

ነገሩ ፕሮግራም ሠሪው ጆሮ ደረሰ። አለቃው፣ «አንተ አትሂድ፤ ከቢሮ ይቅርታ ይጻፍላቸዋል» አለው። እንዴት ደስ የሚል ምክር! ሊቀበለውም ምንም አልቀረው። ግን እንቅልፍ አልወስድ አለው፤ ሄደ።

ወይዘሮ ጥሩወርቅ በሩን ከፈቱ። ጉንጫቸው ላይ የጥፍራቸው ቁስል ገና አልደረቀም።

«እማማ፣ ያንን መልእክት የቆረጠውን ፕሮግራም የሠራሁት እኔ ነኝ» አላቸው። ቀና ማለት አልቻለም። «ይበላሻል ተብዬም ነበር። አልሰማሁም።»

ከዚያ ምን አሉት መሰላችሁ?

«እኔ እኮ አንብቤ ሳልጨርስ የጮኽኩ መስሎኝ ነበር፣ ልጄ፤ መልእክቱንም በድንጋጤ አጥፍቼዋለሁ። ሰዉም 'ማንበብ ሳትችይ አገር አስለቀስሽ' ብሎ ሳቀብኝ። አፍሬ ከቤት አልወጣሁም።»

ሰውየው ፊቱን በእጆቹ ሸፈነ። ፕሮግራሙን በማግስቱ አስተካከለው፤ ያ ቀላል ነበር። ያቺ እናት በሱ ጥፋት ራሳቸውን ሲከሱ መሰንበታቸውን ግን በምን ያስተካክለው? ጎረቤቶቻቸውን ቤት ለቤት እየዞረ፣ «ጥፋቱ የኔ ነው፤ እሳቸው በትክክል ነው ያነበቡት» አለ። በየበሩ አፈረ። በየበሩ ተናገረ።

ወገኖቼ፣ እኛስ?

በእናንተ ጥፋት ራሱን እየከሰሰ የሚኖር ሰው የለም? ባሏ ያኮረፋት ሚስት፣ «ምን አጥፍቼ ይሆን?» እያለች ትብሰለሰላለች። አባቱ በሰው ፊት ያዋረደው ልጅ፣ «እኔ ድሮም አልረባም» ብሎ አድጓል። እናንተ ግን እግዚአብሔርን በጓዳ ይቅርታ ጠይቃችሁ፣ ቀለል ብሏችሁ ወጥታችኋል። ለዚያ ሰው ማን ነገረው?

ብሄድ አፍራለሁ ትላላችሁ? አዎ፣ ታፍራላችሁ። ግን እፍረቱ የማን ነው? ዛሬ ከዚህ ስትወጡ በዚያ ሰው በር እለፉ። የናንተን እፍረት ተሸክሞላችኋል፤ ሂዱና ከትከሻው አውርዱለት።