መንገድ ማዶ የጠፋው ሞንታርቦ

መልሶ አላበራውም! ሰውየው በመንገዱ ሁሉ ፊት "ጠላት" ሲባል በገዛ ጆሮው ሰምቶ፣ ተነስቶ፣ እጁ ማብሪያው ጋ ደርሶ፣ መልሶ አላበራውም!

ውይ፣ ከመጨረሻው ጀመርኩላችሁ አይደል? ይቅርታ፣ አልቻልኩም። እሺ በቃ፣ ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። እናንተ ኋላ ያላችሁትም ስሙኝ፣ በኋላ "ምን አለች?" እንዳትባባሉ።

አንዲት ሴት ነበረች። አሁንም አለች እኮ! ክረምት አክስቴ ከተማ ሄጄ የጊታር ክር የገዛሁት ከሷ ነው። ታሪኩን የነገረችኝም ራሷ ናት። "ለጓደኞችሽ ንገሪያቸው፣ ስሜን ብቻ ተይው" አለችኝ። እኔም ስሟን ትቼዋለሁ።

ይቺ ሴት መነኸሪያው ፊት ለፊት ሙዚቃ ቤት አላት። አሁን ብታዩት! ጊታሩ፣ ክራሩ፣ ኪቦርዱ፣ ግድግዳው አይታይም። ከሌላ ከተማ ድረስ ሰው እየመጣ ከሷ ይገዛል። ያኔ ግን ሱቋ ጠባብ ነበረች፣ ሁለት ሰው ከገባ ሶስተኛው ውጭ ቆሞ ነው የሚጠብቀው። መዝሙር በፍላሽ ትጭናለች፣ ትናንሽ ራዲዮ ትሸጣለች፣ አንድ ሁለት ክራር ሰቅላለች። ሁለት ልጆቿን የምታሳድገው በዚያች ሱቅ ነው። ሌላ የላትም።

መንገዱን ተሻግሮ፣ ልክ ፊት ለፊቷ፣ ሌላ ሙዚቃ ቤት አለ። የጋሽ አድማሱ። እሷ መዝሙር ታጫውታለች፣ ጋሽ አድማሱ ዘፈን ያጫውታል። ሁለቱም በራቸው ላይ ሞንታርቦ አቁመዋል። ያ ደረታችሁን ድም ድም የሚያደርገው ትልቁ ስፒከር የለም? እሱን። እሷ ስትጨምር እሱ ይጨምራል። እሱ ሲጨምር እሷ ትጨምራለች።

ከጋሽ አድማሱ ሱቅ ጎን እትዬ ባዩሽ የምትባል ሻይ የምትሸጥ ሴት አለች። ምስኪን! "ስኳር ስንት ልጨምር ብዬ ስጠይቅ ሰው የሚመልስልኝ በጣቱ ነው!" እያለች ሁለቱንም ትራገማለች።

ሁለቱ ግን አይነጋገሩም። ሰላምታ እንኳን የላቸውም። ስንት ዓመት ሙሉ ፊት ለፊት ተቀምጠው የሚያወሩት በሞንታርቦ ብቻ ነው።

እና የመስቀል ሰሞን ደረሰ። እዚያ አገር መስቀል ሲሆን ሰው ሁሉ ካለበት ተነስቶ ወደ ቤተሰቡ ይገባል። መነኸሪያው ጢም ይላል። ረዳቶቹ "ሶዶ! ሶዶ! አርባ ምንጭ!" እያሉ ይጮሃሉ። ከመኪና የወረደው ለእናቱ ራዲዮ፣ ለወንድሙ ክራር ይዞ ነው የሚገባው። ሙዚቃ ቤት ዓመቱን የሚኖረው በዚያ ሰሞን ነው። ያ ሰሞን ካመለጣት ሱቋ ይዘጋል። ገባችሁ? ይዘጋል።

ታዲያ ምን ይሆናል መሰላችሁ? መብራት ሄደ። መሄዱስ ይሂድ፣ ለምደነዋል። ሲመጣ ግን ኃይል ጨምሮ መጣ። ጧ! ሞንታርቦውን የሚያስጮኸው አምፕሊፋየር ተቃጠለ። ጭሱ በበሩ ወጣ። ማዶ ያለው መስመር ሌላ ስለሆነ የጋሽ አድማሱ ምንም አልሆነም።

የቀራት አንዲት ሚጢጢ ስፒከር ናት፣ ስልክ ላይ የምትሰካው ዓይነት። እሷን በር ላይ አወጣቻት። እስቲ አስቡት! ማዶ ሞንታርቦ፣ እዚህ ያቺ። ማን ይስማት? ከመኪና የሚወርደው ሰው ጆሮው ማዶ ነው፣ እግሩም ጆሮውን ተከትሎ ማዶ ነው።

ቤቷ ገብታ ተንበረከከች። "ጌታ ሆይ፣ የዚያን ሰውዬ ሞንታርቦ ዝም አሰኝልኝ" አለች።

አትሳቁ! እናንተ እንደዚህ ጸልያችሁ አታውቁም? "ጌታ ሆይ፣ ዛሬ ቲቸር ይቅር" ብላችሁ አታውቁም? እንተዋወቃለን እኮ!

ጠዋት መጥታ ሱቋን ከፈተች። ማዶ ዝም። ጋሽ አድማሱ በርጩማው ላይ ቁጭ ብሎ ጥርሱን ይፍቃል። ሞንታርቦው እንደቆመ ነው፣ ድምፅ ግን የለውም። በማግስቱም ዝም። ከዚያም ወዲያ ዝም። ያቺ ሚጢጢ ስፒከር መንገዱን ሞላችው! ሰው መጣ፣ ተጋፋ፣ ክራሮቹ አልቀው ሌላ አስመጣች። በደስታ አበደች!

እሁድ ቸርች ሄደች። የምስክርነት ሰዓት ሲደርስ ሮጣ ማይኩን ያዘች።

"ቅዱሳን፣ ጌታ ይመስገን! መንገድ ማዶ ጠላት ነበረብኝ። አድማሱ የሚባል ዘፈን ቤት። ሊያዘጋኝ ነበር። ተንበርክኬ ለመንኩ፣ ጌታ የጠላቴን አፍ ዘጋልኝ!"

ቸርቹ ተነሳ! ሃሌሉያ! እልልታ! ድራሙ ብቻውን ጀመረ!

አሁን እዚህ ጋ ጆሯችሁን ስጡኝ። የዚያ ቸርች ጣሪያ ላይ ወደ ውጭ የዞረ ድምፅ ማጉያ አለ። መነኸሪያው ደግሞ ቅርብ ነው። ሌላ ጊዜ ቢሆን በዚያ ሁሉ ዘፈን መሃል ማንም አይሰማትም ነበር። ያን እሁድ ግን መንገዱ ጸጥ ብሏል። ጸጥ ስላለ እያንዳንዷ ቃል ተሰማች። ጋሽ አድማሱ በርጩማው ላይ ተቀምጦ ነበር።

እሷ ምኑን አውቃ! እየዘመረች ወደ ሱቋ መጣች። እትዬ ባዩሽ ከሻይ ቤቷ በር ላይ "ነይ እስቲ አንቺ!" ብላ ጠራቻት።

"እትዬ ባዩሽ፣ ጌታ ያደረገልኝን ብነግርሽ..."

"ሰምቻለሁ።"

"ከማን?"

"ከአንቺው ነዋ! እኔም ሰማሁ፣ ሹፌሩም ሰማ፣ ረዳቱም ሰማ። እሱም ሰማ።"

"ይስማ! ጌታ ሞንታርቦውን እንዳበላሸበት ይወቅ!"

"ምኑ ነው የተበላሸው? ምንም አልሆነም እኮ! ራሱ ነው ያጠፋው።"

"ለምን ብሎ?"

"ለአንቺ ብሎ! ያንቺ የተቃጠለ ዕለት ሽታው እስከዚህ መጣ። ያቺን ጫጩት የምታክል ስፒከር ስታወጪ አየሽ። 'ባዩሽ፣ ይቺ ልጅ መስቀልን ካልሸጠች መዝጋቷ ነው፣ ሌላ እስክትገዛ ዝም ልበል' አለና ነቀለው። እንዳልነግርሽ አስምሎኛል። ኩሩ ናት፣ ከሰማች እምቢ ትላለች ብሎ። ይኸው ዛሬ መሃላዬን አስፈረስሽኝ።"

ሴትየዋ አግዳሚው ላይ ተቀመጠች።

"ስመሰክር ሲሰማ ምን አደረገ?" አለች፣ ድምፅዋ አይሰማም።

"ተነሳና ገባ። እጁ ማብሪያው ጋ ሲደርስ አይቼ፣ በቃ ሊያበራው ነው ብዬ ብርጭቆዎቼን ያዝኩ። ቆመ... ቆመ... ከዚያ ወጣና 'ሻይ ስጪኝ' አለኝ።"

እናንተዬ! ሲያጠፋው እኮ ደግ ነው እንበል፣ ጎረቤት ነች፣ ልጆች አሏት። ግን ከሰማ በኋላስ? ያን ሳምንት ሙሉ የሱ ሱቅ ሰው አጥቷል። እሷ እየሸጠች እሱ ጥርሱን እየፋቀ ነው የዋለው። በዚያ ላይ "ጠላት" ተባለ፣ በስሙ! ደግሞ ተጨበጨበበት! አንዲት ጣት ነው እኮ የምትበቃው። ጠቅ ቢያደርጋት ማን ይፈርድበታል? እናንተ ትፈርዱበታላችሁ? እኔ አልፈርድም!

ሴትየዋ ያኔ ምን እንዳሰበች ነግራኛለች። "ወደ ሱቄ ሄጄ ምንም እንዳልሰማሁ ልሆን ነበር" አለችኝ። እግሯ ግን ወደዚያ አልሄደላትም። ከሻይ ቤቱ ወጥታ፣ ስንት ዓመት ረግጣው የማታውቀው የጋሽ አድማሱ በር ላይ ቆመች።

"ጋሽ አድማሱ..."

"አሃ፣ መስካሪዋ! ግቢ።"

ለቅሶዋን ለቀቀችው።

"ኧረ አታልቅሺብኝ፣ ደንበኛ ይሸሻል። ያለውም ጥቂት ነው።"

"ተቀይመውኛል?"

"ተቀይሜሻለሁ እንጂ! አልተቀየምኩም ብዬ ልዋሽሽ? ጠላት መባል ለማን ይጥመዋል? ያውም ከቅዳሴ መጥቼ ገና ቁጭ ከማለቴ!"

"ታዲያ ለምን መልሰው አላበሩትም?"

ጋሽ አድማሱ ምን አለ መሰላችሁ? ቆንጆ ንግግር አላደረገም። እንደዚህ ነው ያላት፦

"ያጠፋሁት ሌላ እስክትገዢ ነው። ገዝተሻል?"

"አልገዛሁም።"

"እንግዲያው ሂጂ ሱቅሽን ክፈቺ። ሰው እየወረደ ነው።"

ወይኔ! "ሰው እየወረደ ነው" አላት እኮ!

በሚቀጥለው እሁድ ምስክርነት ሲደርስ እጇን አወጣች። ፕሮግራሙን የሚመሩት ሽማግሌ "እህቴ፣ አንቺ ባለፈው መስክረሻል፣ ለሌላ ሰው ዕድል እንስጥ" አሏት።

"የባለፈው ስህተት አለው። ላርመው።"

ሰው ሁሉ ዞሮ አያት። ማይኩን ሰጧት።

"ባለፈው ጌታ ጠላቴን ዝም አሰኘልኝ ስል እልል ብላችሁልኛል። ጠላት የለኝም። ጋሽ አድማሱ ራሳቸው ናቸው ያጠፉት። እኔ እንድሸጥ ብለው እሳቸው ሳይሸጡ ዋሉ። ስሰድባቸው ሰምተው እንኳን አላበሩትም። ጌታን አመሰግናለሁ። ጋሽ አድማሱ፣ ከሰሙኝ፣ እርስዎንም አመሰግናለሁ። ልጆቼ እንጀራ የበሉት በእርስዎ ዝምታ ነው።"

በዚያ ቀን እልልታ የለም። ሃሌሉያም የለም። ሰው እጁን የት እንደሚያደርገው ጠፋው። አንዳንዱ አቀረቀረ። ምናልባት እያንዳንዱ የራሱ ሰውዬ ትዝ ብሎት ይሆናል።

ጋሽ አድማሱ ሰማ? ሰማ! እትዬ ባዩሽ እንደምትለው ሻዩን አስቀምጦ፣ ቆሞ ነው የሰማው። ከዚያ "ይቺ ልጅ ደግሞ ታበዛዋለች" ብሎ ዓይኑን ጠረገ አሉ።

አምፕሊፋየሩን ስትገዛ መጀመሪያ የሄደችው እሱ ጋ ነው። "ገዝቻለሁ፣ ያብሩ" አለችው። አሁን ጠዋት እሷ ታጫውታለች፣ ከሰዓት እሱ። እሷ ጋ ማሲንቆ የፈለገ ሰው ከመጣ "ማዶ ጋሽ አድማሱ ጋ ጥሩ አለ" ትለዋለች። ጊታር ፈልጎ እሱ ጋ የገባውን ደግሞ እሱ ወደሷ ይልከዋል። ሱቋ እንዴት እንደዚህ አደገ ብዬ ስጠይቃት ስለ ዋጋ፣ ስለ ዕቃ የምታወራኝ መስሎኝ ነበር። በጣቷ ወደ ማዶ አሳየችኝ፣ በቃ።

አሁን ወደናንተ ልምጣ።

ጌታ ጸሎቷን መለሰ ወይስ አልመለሰም? መለሰ! እኔ እሱን አልክድም። ግን በማን እጅ መለሰው? እኛ "ጌታ አደረገልኝ" ብለን እንቀመጣለን፣ የሰውየውን ስም ግን አንጠይቅም። አንቺ "ጌታ የራሴ ክፍል ሰጠኝ" ብለሽ ታመሰግኛለሽ። ወንድምሽ ሶፋ ላይ እንደሚተኛ ታውቂያለሽ? አንተ "ጌታ ማትሪክ አሳለፈኝ" ትላለህ። አንተ እንድታጠና ስንት ወር ዕቃውን ሁሉ ብቻዋን ያጠበችው እህትህስ? በቴሌቪዥኑ ፋንታ ግድግዳ እያየ ያመሸው አባትህስ?

ለናንተ ብሎ የራሱን ሞንታርቦ ያጠፋ ሰው አለ። እርግጠኛ ነኝ፣ አለ። ምናልባት ስታሙት ሰምቷል። ምናልባት "እሱ እኮ አይወደኝም" ስትሉ በር ላይ ቆሞ ነበር። ሰምቶም ዝም ብሎ ሻዩን ጠጥቷል። ነገም ለናንተ ሲል አያበራውም።

እኔ ስላለልን ሰው ሁሉ ዛሬ ደስ ብሎኛል! በጣም ደስ ብሎኛል! ስንት ሰው ነው ሳናውቀው የተሸከመን? ብንቆጥራቸው ይህ አዳራሽ የሚበቃቸው ይመስላችኋል?

ግን አንድ ነገር ልጠይቃችሁና ልውረድ። ያቺ ሴት ዝም ብትል እኮ ቸርቹ ውስጥ ማንም አያውቅባትም ነበር። እልልታው ተብሏል፣ ሱቋ ሞልቷል፣ ጋሽ አድማሱም ሂጂ ክፈቺ ብሏታል። ማይኩን ደግማ ባትጠይቅ ምንም አይቀርባትም ነበር።

እናንተ ብትሆኑስ? እውነቱን ንገሩኝ፣ ምን ታደርጉ ነበር?